የታመመች ድመትና የባለቤቷ ኅሊና

ለሰው ልጅ በእንስሳት ላይ ሥልጣን እንደ ተሰጠው የማያውቅ ምእመን የለም፤ ሥልጣኑ ምን ያህል ግዴታ እንደሚያስከትል ግን ዘወትር አናስብም። በሬው የታመመበት ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ በረት ውስጥ ቢያድር ማንም አይገረምበትም፤ በሬው የቤቱ ሲሳይ ነውና። ጥያቄው የሚከብደው ከእንስሳዋ የምናገኘው ጥቅም በሌለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጠባብ የሚመስል አንድ ጉዳይ ይዘን ጥያቄውን ልንመረምር ወደድን፤ ይኸውም የስኳር በሽታ የያዛት የቤት ድመትና ባለቤቷ ለእርሷ ያለበት ግዴታ ነው።

ነገሩ እንግዳ የሚሆንባቸው አንባብያን እንዳሉ እናውቃለን። በአገራችን ድመት አይጥ እንድትይዝ የምትጠበቅ፣ ከማጀት የተረፈውን የምትለቃቅም፣ ቀኑን በጓሮ ሌሊቱን በጣራ ላይ የምታሳልፍ እንስሳ ናት፤ «ድመቷን ስኳር ያዛት» ሲባል የሰማ ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ይኖራሉ። በዚያ ብዙ ድመቶች ከአፓርታማው በር ሳይወጡ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ ልጆችም ከእነርሱ ጋር ያድጋሉ። አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪሙ «በየ12 ሰዓቱ መርፌ ያስፈልጋታል» ብሎ ሲናገር አባት «ለድመት?» ብሎ ይደነግጣል፤ ልጅ ደግሞ ያለቅሳል። አባት እናቱ በአገር ቤት መድኃኒት ስታጣ ያየ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብራው የተኛችውን ፍጥረት ያስባል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን እውነቱን በሙሉ አልያዙም።

ከሁሉ አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ ይገባል፤ የማያውቁትን ነገር በኅሊና መመዘን አይቻልምና። ቆሽት የሚባለው የሆድ ዕቃ ኢንሱሊን የተሰኘውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሥጋ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። በአብዛኞቹ የታመሙ ድመቶች ላይ የሚታየው በሰዎች ዘንድ ሁለተኛው ዓይነት ተብሎ የሚጠራውን የስኳር በሽታ ይመስላል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝን ይቀንሳል፤ ቆሽትም ጉድለቱን ለመሙላት ሲደክም ቆይቶ በመጨረሻ ይዝላል። ስኳሩ በደም ውስጥ ተትረፍርፎ ሕዋሳቱ ይራባሉ። በዚህም ምክንያት ድመቷ እየበላች ትከሳለች፤ ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፤ የምትሸናበት የአሸዋ ሳጥን ቶሎ ቶሎ ይርሳል። በሽታው ሲቆይ ነርቭን ስለሚጎዳ አንዳንዶቹ የኋላ እግራቸውን ተረከዝ መሬት እያስነኩ ይሄዳሉ። ብዙ ባለቤቶች ይህን የእርጅና ምልክት አድርገው ያልፉታል።

በሽታው የሚበዛው በጎልማሳና በአረጁ ድመቶች፣ በወፈሩት፣ ከቤት በማይወጡት፣ ከሴቶቹ ይልቅም በተኮላሹ ወንዶች ላይ ነው። ለሌላ ሕመም የሚሰጥ የስቴሮይድ መድኃኒትም ሊያመጣው ይችላል። በዘራቸው ምክንያት ይበልጥ የተጋለጡም አሉ፤ በርሚዝ የሚባሉት ድመቶች በአንዳንድ አገሮች በዚህ ይታወቃሉ። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ብዙ ጊዜ ለሰው ጠባይ እንጠቅሰዋለን፤ ስለ ራሷ ስለ ድመት ግን ከሐኪም ቃል ያልተናነሰ እውነት ይዟል። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ አካሏ የተዘጋጀው በአንድ ጊዜ ጥቂት ሥጋ ለመብላትና ስብና ፕሮቲን ለመጠቀም ነው፤ ጉበቷም በአንድ ጊዜ የገባን ብዙ ስኳር ለማስተናገድ እንደ ሰው ጉበት አልታደለም። እኛ ደግሞ እህል የበዛበትን ደረቅ ምግብ በሳሕን ሞልተን ቀኑን ሙሉ እናስቀምጥላታለን፤ አይጥ የሌለበት፣ ዛፍ የሌለበት፣ የሚሮጡበት ግቢ የሌለበት ቤት ውስጥም እንዘጋባታለን። ምንኩስናውን የሰጠናት እኛ ነን፤ ዐመሏ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ኅሊና ይመጣል። የታመመችው ድመት ባለቤት ሁሉ ጥፋተኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ ዘርና ዕድሜ በእጃችን አይደሉም፤ ድመትን ማኮላሸትም ቢሆን በየመንገዱ ተጥለው የሚሞቱ ግልገሎችን ያስቀራልና በቂ ምክንያት ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን የምግቡን ከረጢት የምትከፍተው ድመቷ አይደለችም። የበረሃ አውሬ ቢታመም ሕመሙ በእኛና በእርሱ መካከል ምንም ውል አያፈርስም። በራችንን ዘግተን፣ ማደንዋን አስቀርተን፣ ምግቧን በእጃችን ያደረግናት እንስሳ ግን ሌላ ናት። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «እንስሳን ምን ያህል መውደድ ይፈቀዳል?» የሚለው አይመስለንም። «ለራሷ የምታደርገውን ሁሉ ከወሰድንባት በኋላ ምን ልናደርግላት ተገደድን?» የሚለው ነው። ፍቅር የሌለው ሰው እንኳ ለተረከበው ነገር ይጠየቃል።

ታዲያ የሚፈለገው ምንድን ነው? ምርመራው ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ድመት በፍርሃት ብቻ የደሟ ስኳር ከፍ ሊል ስለሚችል አስተዋይ ሐኪም በአንድ የደም ምርመራ አይወስንም፤ ያለፉትን የሁለት ሳምንታት ያህል ሁኔታ የሚያሳየውን የፍሩክቶሳሚን ምርመራ ይጨምራል፤ ሽንቷንም ይመረምራል። ሕክምናው በአብዛኛው ኢንሱሊን ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከ1 ዩኒት አካባቢ ይጀምራል፤ ልኩን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። መርፌው እጅግ ቀጭን ስለሆነ ብዙዎቹ ድመቶች እየበሉ ሳሉ ሲወጉ ዘወር ብለው እንኳ አያዩም፤ የሚፈራው ወጊው ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ምግቡ ካርቦሃይድሬት ያነሰውና ፕሮቲን የበዛበት፣ በተለይም የታሸገው እርጥብ ምግብ እንዲሆን ይመከራል። በጊዜ ከተጀመረና በሥርዓት ከተያዘ ጥቂት የማይባሉ ድመቶች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ኢንሱሊን ሳያስፈልጋቸው የሚኖሩበት ደረጃ ይደርሳሉ። በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለው ተስፋ በቤት ውሻ ዘንድ እምብዛም አይገኝም።

አደጋውንም ሳንሸሽግ እንናገር። ኢንሱሊን ከመጠን ሲያልፍ የደም ስኳር ይወርዳል፤ ድመቷ ትደክማለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ራሷንም ልትስት ትችላለች። በዚህ ጊዜ ማር ወይም የስኳር ውኃ ድዷን መቀባትና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት፣ ሌላው 100 ዩኒት ይይዛል፤ የአንዱን መድኃኒት በሌላው ስሪንጅ መስፈር ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ነው። አባት ጠዋት ሰጥቶ ወደ ሥራ ከሄደ በኋላ ልጅ ተነሥቶ ደግሞ እንዳይሰጥ በማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፎ መፈረም ይጠቅማል። «ሰጥተናት ይሆን?» ብሎ የሚጠራጠር ቤተሰብ ባይሰጥ ይሻለዋል፤ የአንድ ጊዜ መቅረት ከእጥፍ መጠን ይልቅ የቀለለ ነውና። ያልበላች ድመት ስትሆን ደግሞ የተለመደውን መጠን ከመስጠት በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ግድ ነው። በሚዋጥ መድኃኒት የሚታከሙም አሉ፤ ስኳሩን በሽንት የሚያስወጡ ሁለት መድኃኒቶች፣ ቤክሳግሊፍሎዚን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ዓ.ም.፣ ቬላግሊፍሎዚን ደግሞ በነሐሴ 2023 ዓ.ም. በአሜሪካ ለድመቶች ተፈቅደዋል። ነገር ግን ደምን የሚመርዝ የኬቶን ክምችት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ለሁሉም ድመት አይሆኑም፤ መርፌን ለመሸሽ ብቻ የሚመረጡም አይደሉም።

የጾም ነገር በዚህ አጋጣሚ ቢነሣ ያለ ቦታው አይሆንም። ቤተሰቡ ሲጾም ማጀቱ ከሥጋ ባዶ ይሆናል፤ ሽሮው ለድመቷም ይደርሳታል። ጾም ፈቃድ ላለው ፍጡር የተሰጠ ሥርዓት ነው፤ ድመት አትጾምም፤ ስለ ኃጢአቷም የምትጸጸተው የለም። የወፈረች ድመት «ትክሳ» ተብላ ለጥቂት ቀናት ምግብ ብትከለከል ደግሞ ስብ በጉበቷ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። ክብደቷ መቀነስ ያለበት በዝግታና በልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር እንረዳለን። የዚህች እንስሳ ሕክምና ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀው ሰዓት አክባሪነትን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተሰጠ መርፌ ማታም አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቃል፤ ሠርግ ቢኖርም፣ ለቅሶ ቢኖርም፣ እንቅልፍ ቢጥምም። ስለ ፍቅር ብዙ የሚናገር ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሲሰለች፣ ድመቷን ከጅምሩ ያልወደደው አባት ግን ቃል ገብቷልና ሳያጓድል ሲወጋት ሊታይ ይችላል። እኛ የሁለተኛውን ሥራ እንመርጣለን። ግዴታ ስሜትን አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ ስሜት ራሱ ከሥራው በኋላ ተከትሎ ይመጣል። ልጆቻችን ደካማን ፍጥረት በሰዓቱ መንከባከብን በዚህ ቢለማመዱ፣ ነገ አልጋ ላይ የዋለች አያታቸውን ለመንከባከብ እጃቸው እንግዳ አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ኢንሱሊንን እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ያም ሆኖ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ምክንያት ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት ዓለም ለድመት ብልቃጥ መግዛት እንዴት ይታያል? ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. በታተመው ትምህርተ ክርስቶስ፣ ቁጥር 2418፣ ሁለቱንም ወገን ትገሥጻለች፤ እንስሳትን በከንቱ ማሠቃየት ለሰው ክብር የማይገባ ነው፤ ለሰው ችግር ሊውል የሚገባውን ገንዘብ በእነርሱ ላይ ማፍሰስም እንዲሁ የማይገባ ነው። ቅደም ተከተሉ የማያሻማ ነው። ለእናቱ መድኃኒት መላክ ያለበት ሰው የእናቱን ድርሻ ለድመቷ ሊያውለው አይችልም። የልጁን የትምህርት ወጪ ያልከፈለ፣ ዕዳ የያዘው፣ የቤት ኪራይ የጎደለበት ሰውም ውድ ሕክምና ባለማድረጉ ኅሊናው ሊወቅሰው አይገባም። ሰው የታዘዘለት ኢንሱሊን ከጠበበበት ደግሞ ከእርሱ ቀንሶ ለእንስሳ መስጠት በፍጹም አይቻልም።

ሆኖም ይህን ትምህርት ለስስት መሸፈኛ የሚያደርጉትም አሉ። «ለድመት ከማወጣው ለድኻ እሰጠዋለሁ» የሚል ሰው በእውነት ቢሰጥ መልካም ነበር፤ ከድመቷ የተረፈው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድኻው እጅ አይደርስም፤ ወደ አዲስ ስልክና ወደ ድግስ ይሄዳል። የድኻውን ስም የምናነሣው በድመቷ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ድኻውን ለክርክር ተጠቀምንበት እንጂ አልረዳነውም። ስለዚህ የድመቷ ወጪ ከድኻው ድርሻ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ሳናቅማማ ከምናወጣው ከሌላው ትርፍ ወጪያችንም ጋር መመዘን አለበት። በዚህ ሚዛን ብዙ ቤተሰብ ሁለቱንም ማድረግ እንደሚችል ያገኘዋል ብለን እናምናለን፤ የማይችለውም በንጹሕ ኅሊና «አልችልም» ይላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙም የማይነገር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ የተባሉ ሊቃውንት በስትራስቡርግ ከተማ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ፤ ውሻውም በስኳር በሽታ ተያዘ፤ የበሽታው ምንጭ በዚህ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ክረምት ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከውሾች ቆሽት ባወጡት ፈሳሽ ቆሽት የሌላቸውን ውሾች በሕይወት አቆዩ። በጥር 1922 ዓ.ም. ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን በመወጋት የመጀመሪያው ሆነ፤ ከሞት አፋፍም ተመለሰ። አግኚዎቹ የባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር አስተላለፉ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል የሰው ልጅ የተወጋው ኢንሱሊን ከታረዱ ከብቶችና ዐሣማዎች ቆሽት የወጣ ነበር፤ በፋብሪካ በባክቴሪያ አማካይነት የሚሠራው የሰው ኢንሱሊን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. ነው። የከብት ኢንሱሊን ከድመት ኢንሱሊን የሚለየው በአንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ድመት ራሷም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት፤ በስኳር በሽተኞች ቆሽት ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ የተባለው ባዕድ ነገር ከምን እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. የታወቀው፣ ከሰው ዕጢ ጋር የታመሙ ድመቶች ቆሽት ተመርምሮ ነው።

እነዚያ እንስሳት ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። በእነርሱ መሞት ግን ቁጥራቸው የማይታወቅ ሕፃናት አድገው ወላጆች ሆነዋል። ይህ እንስሳን ከሰው ጋር አያስተካክልም፤ ቤተ ክርስቲያንም ለሰው ሕይወት የሚጠቅም ምርምር ልክ ባለው መንገድ ሲደረግ ትፈቅዳለች። ነገር ግን ኢንሱሊንን «የሰው መድኃኒት ነው፤ እንስሳ ምን አገባው?» ብሎ መናገር የታሪኩን መጀመሪያ መዘንጋት ነው። መድኃኒቱ ወደ እኛ የመጣው በእነርሱ በኩል ነው፤ ትንሽ ጠብታ ወደ እነርሱ ቢመለስ የሚያስቀይም አይደለም።

የማይቻልበት ጊዜም ይመጣል። ገንዘቡ ባይኖር፣ የሚወጋት ሰው ቢጠፋ፣ ወይም ድመቷ በሌላ ሕመም ተይዛ ሥቃይዋ ቢበዛ፣ ሐኪሙ ያለ ሕመም እንድታርፍ ሊያደርጋት ይችላል። ይህ ኃጢአት አይደለም። የሰው ሕይወት በሥቃይም ውስጥ ቢሆን በሰው እጅ የሚቋረጥ አይደለም፤ ሰው በሥቃዩ ውስጥ መጸለይ፣ ይቅር ማለት፣ መታረቅ ይችላልና፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረች ነባቢት ነፍስም አለችው። የድመት ነፍስ አባቶቻችን ደማዊት ነፍስ የሚሏት ናት፤ ሥቃይዋን ለምንም ነገር ልታውለው አትችልም፤ ትሠቃያለች እንጂ። ስለዚህ ለሰው የተከለከለው ለእርሷ ርኅራኄ ሊሆን ይችላል። የሚከፋው ሌላ ነው፤ ድመቷን በሕይወት አስቀምጦ ሕክምናዋን መተው፣ በጥም እየተቃጠለች ስትከሳ እያዩ ማለፍ፣ ወይም ራቅ ካለ መንገድ ዳር ወስዶ መጣል። ልጆች የሚያዩት ይህን ነው፤ አይረሱትምም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጆቹ «ወደ ሰማይ ትሄዳለች ወይ?» ብለው ቢጠይቋቸው ባይቸኩሉ መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችውን ለማጽናናት ብሎ መፍጠር አያስፈልግም፤ የልጁን ኀዘን በሳቅ ማባረርም አይገባም። እግዚአብሔር የፈጠረውን አንዱን እንኳ እንደማይዘነጋ መንገር ይበቃል፤ ከዚያም ልጁ ስለ ድመቷ የሚያወራውን ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

ድመቷ ካለፈች ወይም ከዳነች በኋላ በቤት የሚቀር ነገርም አለ። ያገለገሉ መርፌዎች ከቆሻሻ ጋር በከረጢት አይጣሉ፤ ጠንካራና የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅመው ወደ ሐኪሙ ወይም ወደሚቀበል መድኃኒት ቤት ይሂዱ፤ ያን ከረጢት በባዶ እጁ የሚያነሣ ሰው አለና። የተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ቢተርፍ ለጎረቤት ሕሙም በችሮታ አይሰጥ፤ ያልተከፈተ የድመት ምግብ ግን የተጣሉ እንስሳትን ለሚያስጠጉ ሰዎች ቢላክ ይቀበሉታል።